«አይሰማም» ስለሚባል ልጅ

በአማርኛችን «አይሰማም» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንደኛው፣ ጆሮው ድምፅ አይቀበልም፤ ሁለተኛው፣ ምክርና ትእዛዝ አይቀበልም፣ እምቢተኛ ነው። «ደንቆሮ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው፤ መስማት የተሳነውንም፣ እውቀት የሌለውንም ባንድነት ይጠራበታል። ቃላቱን ያወረሱን አባቶቻችን ክፉ አስበው ነው አንልም። ነገር ግን ሁለቱ ፍች በአንድ ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚኖር፣ ጆሮው ለደከመ ልጅ በየቤቱ በመድኃኒት ፋንታ አለንጋ ይታዘዝለታል። ይህ ጽሑፋችን ስለዚህ ልጅ ነው፤ የምንጽፈውም በተለይ ክረምት ሲገባ ወደየአገራቸው ለሚመለሱት ጓደኞቻችን ነው። የሥነ ጥበባት ፋኩልቲ ተማሪዎች እንደ መሆናችን ሕክምና እናስተምራለን ብለን አንነሣም። ነገሩ ግን ግማሹ የጆሮ፣ ግማሹ የቋንቋ ጕዳይ ስለ ሆነ፣ በቋንቋው በኩል ያለውን ለመናገር ድፍረት አግኝተናል።

ባለፈው ክረምት ሦስት ሆነን ከመካከላችን የአንዱ ዘመዶች ወደሚኖሩበት ወደ ኮሶዬ ሄደን ነበር። ኮሶዬ ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በገደል አፋፍ ላይ ያለ ደጋ ነው። ከአፋፉ ቆመው ወደ ቆላው ሲመለከቱ ተራሮቹ ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ከጉሙ በላይ ይታያል፤ ጭላዳ ዝንጀሮውም በመንጋ ሆኖ ሣር ሲነጭ ይውላል። ለዓይን ደስ የሚያሰኝ አገር ነው፤ ለጆሮ ግን አስቸጋሪ ነው። ከገደሉ ሥር የሚነሣው ነፋስ ያፏጫል፤ ሰዉም ከማሳ ማሳ፣ ከጋራ ጋራ እየተጠራራ ነው የሚነጋገረው።

ካረፍንበት ቤት ጎረቤት በጎች የሚጠብቅ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረ፤ ስሙን እንተወዋለን። አባቱ ከደጅ ቆመው ሲጠሩት ዞር አይልም፤ ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ሳለ ግን እናቱ ቀስ ብለው «ቆሎ ትበላለህ?» ቢሉት ወዲያው እጁን ይዘረጋል። አባቱም ይህን አይተው ፍርዳቸውን ጨርሰዋል። «አዬ ልጆቼ፣ ይኸ ልጅ ሲፈልግ ይሰማል፤ ሳይፈልግ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው» አሉን። በትምህርት ቤትም ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ ዓመቱን ሙሉ አንዳች ነገር ሳይዝ ከርሟል፤ «ሰነፍ» ተብሎ በጥፊ የተመታበትን ቀን እናቱ ነግረውናል።

እኛም በመጀመሪያ አባትየውን አምነናቸው ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባንም። የተሳሳትነው መስማትን እንደ መብራት፣ ወይ አለ ወይ የለም ብለን ስለምናስብ ነው። እውነቱ ግን ከጥሩ መስማትና ፈጽሞ ካለመስማት መካከል ብዙ ደረጃ አለ፤ ሲሰማና ሳይሰማ የሚገኘው ልጅም በዚያ መካከል የሚኖር ነው።

ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ነው። መንቀጥቀጡ የጆሮን ታምቡር ይመታል፤ ከታምቡሩ ኋላ ያሉት ሦስት ደቃቅ አጥንቶች እየተቀባበሉ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሱታል፤ በዚያም እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተጠመዘዘው ክፍል ያሉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጡታል። በሽታው ከታምቡሩ ወይም ከአጥንቶቹ ላይ የሆነ እንደ ሆነ ድምፁ ሁሉ ይደክማል፤ ይህ ብዙ ጊዜ በሕክምና ይረዳል። ሕዋሳቱ ከሞቱ ግን ተመልሰው አይበቅሉም። ብዙውን ጊዜም ቀድመው የሚጎዱት ቀጭኑን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸው።

እንግዲህ ወደ ቋንቋው እንግባ። «አ»፣ «ኦ»፣ «ኡ» ብርቱና ወፍራም ድምፆች ናቸው፤ «ም»ና «ን»ም ከወፍራሞቹ ይቈጠራሉ። «ስ»፣ «ሽ»፣ «ች»፣ «ፍ» ግን ቀጭንና ደካማ ናቸው፤ የ«ስ» ድምፅ አብዛኛው ኃይሉ በሰከንድ ከ4,000 ንዝረት በላይ ነው። ስለዚህ ቀጭኑን ድምፅ ያጣ ልጅ ሰው መናገሩን ይሰማል፤ ምን እንደ ተናገረ ግን አይለይም። አማርኛ ደግሞ ከባዱን ሥራ ለእነዚሁ ለደካሞቹ ሰጥቷቸዋል። «መጣ» ስንል ወንድ ነው፣ «መጣች» ስንል ሴት ናት፤ ልዩነቱ በመጨረሻ ያለችው «ች» ብቻ ናት። «ቤትህ»ና «ቤትሽ»፣ «ነህ»ና «ነሽ»ም እንዲሁ ናቸው። «በጎች» የሚለውንም ቃል ልጁ «በጎ» ብሎ ይሰማዋል። የኮሶዬው ልጅ ስለ እኅቱ ሲናገር «መጣ፣ በላ፣ ተኛ» ይላል፤ የሰፈሩ ልጆችም ይስቁበታል። ልጁ ግን የተናገረው ልክ የሰማውን ነው።

ሌላም አለ፤ መጥበቅና መላላት። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ አልደረሰም ማለት ነው፤ «ዋና» ሲላላ በውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ከሁሉ የሚበልጥ ማለት ነው፤ «አለ»ም ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ፊደላችን ይህን ለይቶ አይጽፍም። ስለዚህ ከመጽሐፍ ይማረዋል እንዳንል መጽሐፉም ዝም ይላል፤ ጆሮ ያልነገረውን ሰው ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ፣ በምሳሌ ሊነግረው ያስፈልጋል።

«ከንፈር አይቶ ይረዳ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ ይረዳል፤ ነገር ግን ከንፈር የሚያሳየው ጥቂቱን ነው። አንባቢ መስታወት ፊት ቆሞ ድምፅ ሳያወጣ «ገባ»፣ «ቀባ»፣ «ቀማ»፣ «ገማ» ይበል። «ገ»ና «ቀ» ከጉሮሮ አካባቢ ስለሚወጡ አይታዩም፤ «በ»ና «መ» ደግሞ ሁለቱም ከንፈር ገጥሞ የሚባሉ ስለ ሆኑ አይለዩም። አራቱ ግሶች በከንፈር ላይ አንድ ናቸው! አንድ ሰው ቤት ገባ ሲባል ቤት ቀማ ብሎ የሚረዳ ልጅ ቢያጋጥመን ልንስቅበት አይገባም። ከንፈር ማየት የሚጠቅመው ነገሩን አስቀድሞ ለሚያውቅ፣ ቋንቋው ላለው ሰው ነው፤ ቋንቋውን ገና ለሚማር ሕፃን ግን ብቻውን አይበቃም።

አሁን ማንኛችንም በገጠር ቤት ልናደርገው የምንችለውን መፈተኛ እንግለጽ። በካናዳ ያስተማረ ዳንኤል ሊንግ የተባለ ምሁር ስድስት ድምፆችን መርጧል፤ እነርሱም «አ»፣ «ኡ»፣ «ኢ»፣ «ም»፣ «ሽ»፣ «ስ» ናቸው። የተመረጡበት ምክንያት ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ያለውን የንግግር ድምፅ ስለሚያዳርሱ ነው። ስድስቱም በአማርኛ ስላሉ መተርጎም እንኳ አያስፈልግም። አሠራሩ ይህ ነው። ቤቱ ጸጥ እንዲል ዶሮዎቹ ይውጡ፣ በሩ ይዘጋ። ለልጁ አንድ እፍኝ ባቄላና አንድ ባዶ ጣሳ ይሰጠው። መጀመሪያ ፊት ለፊት ሆነን ድምፅ በሰማ ቍጥር አንድ ባቄላ ጣሳው ውስጥ እንዲጥል እናለማምደዋለን፤ ጨዋታው ሲገባው ከጎኑ ወይም ከኋላው ሆነን፣ አፋችንን ሳያይ፣ እያንዳንዱን ድምፅ በተለመደ ንግግር መጠን እንላለን። በድምፆቹ መካከል ያለው ጊዜ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም፤ ልጅ ብልህ ነው፣ ተራውን ቈጥሮ ይጥላል። እንዲሁም ትንፋሻችን አንገቱን እንዳይነካው፣ ጥላችንም ከፊቱ እንዳያርፍ መጠንቀቅ ነው። በመጀመሪያ ከአንድ ክንድ ርቀት፣ ቀጥሎ ከአንድ ሜትር፣ ከዚያም ከሦስት ሜትር እንሞክራለን።

የእኛ ልጅ ከአንድ ክንድ ርቀት «አ»ን፣ «ኡ»ን፣ «ኢ»ንና «ም»ን ሰምቶ ጣለ። «ሽ»ና «ስ» ሲባሉ ባቄላውን ይዞ እንደ ተቀመጠ ቀረ። ሦስት ሜትር ስንርቅ የቀረለት «አ» ብቻ ነበር። አባቱ ግድግዳውን ተደግፈው ይመለከቱ ነበር፤ ባቄላው የሚወድቅበትንና የማይወድቅበትን ጊዜ እያዩ ቆይተው «እንግዲህ እስተ ዛሬ ነፋሱን ነው ስገርፍ የኖርሁ» አሉ።

ይህ መፈተኛ የሐኪምን ምርመራ አይተካም። የሚያገለግለው «ይሰማል አይሰማም» የሚለውን ክርክር ለማቆምና ቤተ ሰቡን ወደ ሐኪም ለማስነሣት ነው። ከሐኪም እስኪደረስና ከዚያም በኋላ ግን በቤት የሚሠራ ብዙ ሥራ አለ፤ ከሁሉም የሚበልጠው መቅረብ ነው። በገላጣ ቦታ ርቀት በእጥፍ ሲቀንስ ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። እንግዲህ ከ4 ሜትር ወደ ግማሽ ሜትር የቀረበች እናት 18 ዴሲቤል ያህል ጨመረች ማለት ነው፤ ያለ ባትሪ፣ ያለ ገንዘብ። መጮህ ግን ይህን አያደርግም። ስንጮህ የሚጎላው «አ»ና «ኦ» ነው፤ «ስ»ና «ሽ» በጩኸቱ ይዋጣሉ፣ የልጁም ዓይን የሚያየው የተቈጣ ፊት ነው።

የአገራችን እናት ልጇን አዝላ ትሠራለች። በጀርባዋ ያለ ሕፃን ስታንጐራጕር የደረቷን ንዝረት በሆዱ ስለሚያገኘው ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ፊቷን አያይም፤ አፏም ከጆሮው ወዲያ ዞሮ ነው። ስለዚህ ጆሮው ደካማ የሆነውን ሕፃን በቀን ውስጥ ለጥቂት ጊዜ አውርዳ በጭኗ ላይ፣ ፊቷን ብርሃን እንዲያገኘው ወደ በሩ አዙራ ልታጫውተው ይገባል።

ማዳመጥን ማስተማር ማለት ድምፁን ከነገሩ ጋር ማጋባት ነው። ውሻ ሲጮህ፣ ሙቀጫ ሲወቀጥ፣ በአስፋልቱ ላይ ከባድ መኪና ሲመጣ እናት ጆሮዋን በጣቷ ነክታ «ስማ!» ትላለች፤ ጥቂት ትጠብቃለች፤ ከዚያም ወስዳ ታሳየዋለች። ተራው መጠበቅ አለበት፤ አስቀድሞ ድምፁ፣ ኋላ ነገሩ። አስቀድሞ ካየ ለማዳመጥ ምክንያት የለውም። (በኮሶዬ በኩል የሚያልፈው የደባርቅ መንገድ መኪና የበዛበት ስለ ሆነ ይህ ትምህርት ለነፍስም ነው።) በንግግርም እንዲሁ፣ ልጁ የሚሠራውን በሚሠራበት ሰዓት መንገር ነው። «ውኃ» ያለ እንደ ሆነ እናት «ውኃ ጠማህ? ውኃ ልስጥህ?» ብላ ቃሉን አስረዝማ ትመልስለታለች። ከዚያ በኋላ ዝም ብላ ፊቱን እያየች ትጠብቅ። ደካማ ጆሮ ያለው ልጅ ነገሩን ለመሰብሰብ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ እኛ ጎልማሶች ግን ዝምታ ስለሚያስጨንቀን በርሱ ፋንታ ቶሎ እንመልሳለን። «በል! እንዲህ በል!» እያሉ ቀኑን ሙሉ ማስጨነቅም ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። አፍ የሚከተለው ጆሮን ነው፤ ብዙ ጊዜ የሰማውን ቃል አንድ ቀን ሳይታዘዝ ይለዋል።

ጊዜውም አጭር ነው። በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት፣ ስድስት ወር ሳይሞላቸው የመስማት ችግራቸው ታውቆ እርዳታ የተጀመረላቸው ሕፃናት፣ ዘግይተው ከታወቁት በቋንቋ ልቀው መገኘታቸውን አሳይቷል። በየገጠሩ ልጁ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ አፍ ሳይፈታ ሦስትና አራት ዓመት ሲሞላው ነው፤ ያውም «አባቱም ዘግይቶ ነው አፍ የፈታው» ተብሎ ካልታለፈ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከቤት ቤት ስለሚዞሩ፣ ስለ ልጁ መጀመሪያ የምንነግራቸው ለእነርሱ ነው።

ስለ መንሥኤው በአጭሩ እንለፍ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በሕፃናት ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉዳት 60 በመቶ ያህሉ ሊከለከል የሚችል ነው። ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ አንዳንድ ብርቱ መርፌዎችና ሳይታከም የቆየ የጆሮ መግል ከመንሥኤዎቹ ይገኛሉ። አንዳንዶቹን ክትባት ይከላከላቸዋል። መግል በሚፈስ ጆሮ ውስጥ የሞቀ ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ ማፍሰስ ግን ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ጉዳቱን ወደ ውስጥ ያሻግረዋል፤ ይህን በየቤቱ ደጋግመን ልንናገር ይገባል። የመስሚያ መሣሪያ ያገኘ ልጅም ቢኖር፣ መሣሪያው ነፋሱንም ጫጫታውንም አብሮ እንደሚያጎላ፣ ባትሪውም በየጊዜው እንደሚለወጥ፣ ከጆሮው የሚገባው ክፍል ልጁ ባደገ ቍጥር እንደገና እንደሚሠራ ወላጆች ቢያውቁ «አልሠራም» ብለው ከሣጥን ውስጥ አይከቱትም።

አሁን ወደ አንድ ክርክር እንመጣለን። ጨርሶ የማይሰማውን ልጅ ምን እናድርገው? በዚህ ጕዳይ አውሮፓውያን ብዙ ተጣልተዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በፓሪስ አቤ ደ ሌፔ የተባሉት ቄስ በምልክት ያስተምሩ ነበር፤ በላይፕዚግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1778 ትምህርት ቤት የከፈተው ሳሙኤል ሃይኒኬ በንግግር ብቻ ካልሆነ አይሆንም ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 በሚላኖ የተሰበሰቡት መምህራን ለንግግር ፈረዱ፤ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን በየትምህርት ቤቱ የልጆች እጅ ታሰረ። በእጅ መነጋገር እንደ ነውር ተቈጠረ፤ ብዙዎችም ንግግሩን በደንብ ሳያገኙ፣ ምልክቱንም ተከልክለው ያለ ሙሉ ቋንቋ አደጉ። ያው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 በቫንኩቨር ተሰብስቦ የሚላኖውን ውሳኔ ውድቅ አደረገ፤ ስላደረሰውም ጉዳት ጸጸቱን ገለጸ። 130 ዓመት!

እኛ የምናምነው ንግግርና ቋንቋ አንድ አለመሆናቸውን ነው። ንግግር ቋንቋ ከሚወጣባቸው በሮች አንዱ ነው። ጥቂት የሚሰማውን ልጅ በጆሮው እናስተምረው፤ ፈጽሞ የማይሰማውን ግን እጁን ይዘን ድምፅ እስኪወጣው መጠበቅ በደል ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ የመካኒሳና የአልፋ ትምህርት ቤቶች መስማት ለተሳናቸው ልጆች ተከፍተዋል፤ መስማት የተሳናቸው ኢትዮጵያውያንም የራሳቸውን ማኅበር መሥርተዋል። ለአማርኛ የተዘጋጀው የጣት ፊደል በተለይ የሚደነቅ ነው። ለእያንዳንዱ ግእዝ ፊደል አንድ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ካዕቡን፣ ሣልሱን፣ ራብዑን እስከ ሳብዑ ድረስ የሚለየው የእጁ እንቅስቃሴ ነው። «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ» እያለ ገበታ ላይ ያደገ ተማሪ ሥርዓቱን ሲያይ ወዲያው ይገባዋል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል፤ ከኛ መካከል ጥቂቶች እንኳ ቢማሩት ክረምት ሲመጣ ባዶ እጃችንን አንሄድም ነበር።

የኮሶዬው ልጅ በመስከረም ከአባቱ ጋር ወደ ጎንደር ወርዶ ተመርምሯል። በአንደኛው ጆሮው የነበረው መግል ታክሞ ደርቋል፤ በሁለቱም ጆሮ የጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ግን እንደማይመለስ ተነግሯቸዋል። መሣሪያ ታዝዞለት ይጠብቃል። በትምህርት ቤት ከፊተኛው ወንበር፣ ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ፣ መምህሩ ብርሃን ላይ ሆነው በሚታዩበት ቦታ ተቀምጧል። አባቱም ከደጅ ሆነው መጣራቱን ትተዋል፤ በጎቹ ሩቅ ከሆኑ ነጭ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ያወዛውዛሉ፣ ልጁም በየጊዜው ቀና እያለ ወደ ቤቱ መመልከት ለምዷል። የቀረችው እኅቱ ናት። ባየችው ቍጥር «መጣች በል፣ መጣች በል» እያለች ታስጨንቀዋለች፤ ይህን ትታ አጠገቡ ቁጭ ብላ «እማዬ መጣች፣ በጊቱ መጣች» እያለች እንድታጫውተው ለምነናታል።